በአንድ ጎዳና ሁለት ጊዜ የተሠራ መስመር፦ የቦጎታው የካራካስ ጎዳና እና የሹፌሩ ደመወዝ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ጎዳና ነው። ጎዳናው የሚገኘው በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሲሆን ስሙ የካራካስ ጎዳና ይባላል። ከተማዋን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሰንጥቆ የሚያልፍ ዋና የደም ሥሯ ነው። በዚህ ጎዳና መሃል፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር በአሥር ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። ጎዳናው ያው ጎዳና ነው። ስፋቱም ያው ነው። የመጀመሪያው መስመር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከተማዋ ነዋሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው የሚያልፉበት ስፍራ ሆነ። ሁለተኛው ግን የዓለም ከንቲባዎች እየተጓዙ የሚጎበኙት ሆኖ ነበር። ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

ብዙዎች መልሱን በምሕንድስናው ይፈልጉታል፤ በጣቢያዎቹ፣ በአውቶቡሶቹ ርዝመት፣ በኮንክሪቱ። እኔ ግን መልሱ ያለው ከአስፋልቱ በላይ ሳይሆን በአንድ ወረቀት ላይ ነው እላለሁ። ወረቀቱም ሹፌሩ በምን ሒሳብ እንደሚከፈለው የሚናገረው ውል ነው። ዛሬ የማቀርበው ይህንን ነገር ነው። ስለ ቦጎታ የመረጥኩበትን ምክንያት ለመግለጽም ረጅም ሐተታ አያስፈልገኝም። በእኛ ከተማ ስለ አውቶቡስ መስመር በተነሣ ቁጥር የቦጎታ ስም ይነሣል፤ ቀይ አውቶቡሶቿም በስላይድ ይታያሉ። ፎቶግራፉን ካየን ዘንድ ታሪኩንም ማወቅ ይገባናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑ ከወዲሁ ላሳስብ።

አስቀድሜ ስለ ሐሳቡ ራሱ ጥቂት ልበል። ለአውቶቡስ የተለየ መስመር መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። ፓሪስ በ1964 በሴን ወንዝ ዳርቻ ባሉ መንገዶቿ ላይ አውቶቡስ ብቻ የሚያልፍበትን መስመር አሰመረች። ለንደን በ1968 በቮክስሆል ድልድይ ላይ ተከተለች። የብራዚሏ ኩሪቲባ ደግሞ በ1974፣ አርክቴክቱ ዣይሜ ሌርነር ከንቲባ በነበሩበት ዘመን፣ መስመሩን ከመንገዱ ጠርዝ ወደ መሃል አምጥታ ከተማዋን ራሷን በዚያ መስመር ዙሪያ እንድታድግ አደረገች። የሁሉም ስሌት አንድ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰው የያዘ መኪና እና ስድሳ ሰው የያዘ አውቶቡስ በአንድ ሰልፍ ተደርድረው ሲጠብቁ፣ የመንገዱ ድልድል የተሠራው በሰው ቁጥር ሳይሆን በቆርቆሮ መጠን ነው ማለት ነው። መስመሩ ይህንን ለማቃናት የሚሰመር ቀለም ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስለ አውቶቡሱ ባለቤት ምንም አይነግረንም።

ወደ ቦጎታ እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ደጋ ከተማ ናት፤ ብርዱና ዝናቡ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይሆኑም። የሕዝብ መጓጓዣዋ የተጀመረው በ1884 በበቅሎ በሚሳብ ትራም ነው። ኩባንያው የአሜሪካኖች ነበር። በ1910 ከኩባንያው ሰዎች ጋር በተነሣ ጠብ ሳቢያ የከተማዋ ሕዝብ በትራሙ አልሳፈርም ብሎ አደመ፤ አድማው ለወራት ዘለቀ። ትራሞቹ ባዶአቸውን ሲመላለሱ ከረሙ፤ በመጨረሻም ከተማይቱ ኩባንያውን ገዛችው። ይህ ክሥተት ብዙ ጊዜ እንደ ብሔራዊ ኩራት ታሪክ ይተረካል። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ቁም ነገር አለው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የትራም ነጂው የከተማው ሠራተኛ ሆነ። ሠረገላው ሞላም ጎደለ የወር ደመወዙን ያገኛል።

ያ ሥርዓት አርባ ዓመት ያህል ኖረ። ሚያዝያ 9 ቀን 1948 የሊበራል ፓርቲው መሪ ሆርሄ ኤሊየሴር ጋይታን በከተማዋ መሃል በጥይት ተገደሉ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ነደደች። ከተቃጠሉት ነገሮች መካከል ትራሞቹ ይገኙበታል። ሆኖም ትራሙን የገደለው እሳቱ ብቻ ነው ማለት ለታሪክ ጸሐፊ ቸልተኝነት ነው። ቀድሞውንም የግል አውቶቡሶች እየበዙ መጥተው ነበር፤ የከተማው አስተዳደርም ሐዲዱን ለመጠገን ፈቃደኛ አልነበረም። እሳቱ አስቀድሞ የታሰበውን ነገር አፋጠነው። የመጨረሻው ትራም በ1951 ቆመ፤ ሐዲዱም በአስፋልት ተሸፈነ።

ከዚህ በኋላ የተተካው ሥርዓት የንግግሬ ዋና ጉዳይ ስለሆነ በጥሞና እንድትከታተሉኝ እለምናለሁ።

በቦጎታ የአውቶቡስ ኩባንያ ይባል የነበረው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ አልነበረውም። የነበረው ፈቃድ ነው፤ በዚህ በኩል ወጥቶ በዚያ በኩል ለመመለስ ከከተማው የተሰጠው ወረቀት፣ በእኛ አገር ቋንቋ ታፔላ ልንለው የምንችለው። አውቶቡሱን የገዛው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባት ጡረታውን ያወጣ መምህር፣ ምናልባት ራሱ የቀድሞ ሹፌር። ይህ ባለንብረት አውቶቡሱን በኩባንያው ስም ለማስመዝገብና በየወሩ በመስመሩ ላይ ለመሥራት ይከፍላል። እንግዲህ የኩባንያው ገቢ የሚያድገው ተሳፋሪ በበዛ ጊዜ ሳይሆን የተመዘገበ አውቶቡስ በበዛ ጊዜ ነው። ተሳፋሪው ያው ሆኖ አውቶቡሱ ቢጨመር ኩባንያው ይከብራል፤ ባለንብረቱ ይከሳል። በ1990ዎቹ ከተማዋ ከሃያ ሺህ በላይ አውቶቡሶች ነበሯት። አብዛኞቹ ያረጁ ነበሩ፤ ከሚፈለገው ቁጥርም እጅግ የበዙ ነበሩ።

ሹፌሩስ? ሹፌሩ የሚከፈለው በጫነው ሰው ልክ ነው። ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ዋጋ ላይ ጥቂት ሳንቲም የእሱ ናት። ስለዚህ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ለእሱ መንገደኛ ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ እራት ነው። ከፊቱ ያለው አውቶቡስ ያንን ሰው ካነሣው እራቱ ተወሰደበት። ከዚህ የተነሣ ሹፌሮቹ እርስ በርስ ይሽቀዳደማሉ፤ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል፤ በመንገድ መሃል ቆመው ይጭናሉ፤ ባዶ ሲሆኑ ደግሞ እየተንፏቀቁ ይጠብቃሉ። የቦጎታ ሰዎች ይህንን ሁኔታ የሳንቲም ጦርነት ብለው ሰየሙት። ስያሜው ምጸት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው የሚሞትበት ጦርነት ነበር።

ይህ ጦርነት የራሱን ሙያዎችም ወልዷል። ከሁሉም የሚገርመኝ ካሊብራዶር የሚባለው ሰው ነው። ካሊብራዶር ማለት በመንገድ ዳር ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ የሚቆም ሰው ነው። የሚያልፈውን አውቶቡስ ሰዓት ይጽፋል። ቀጣዩ አውቶቡስ ሲመጣ ወደ መስኮቱ ይጠጋና የፊተኛው ስንት ደቂቃ እንደቀደመው ለሹፌሩ ይነግረዋል። ሹፌሩም ለዚህ ወሬ ሳንቲም ይወረውርለታል። የፊተኛው ገና አሁን ካለፈ ተረጋግቶ ይነዳል፤ መንገዱ ላይ ሰው እስኪጠራቀም ይጠብቃል። ከራቀው ወይም የኋለኛው ከተጠጋው ደግሞ ነዳጁን ይረግጣል። ዛሬ በሳተላይትና በኮምፒዩተር የሚሠራውን በአውቶቡሶች መካከል ያለውን ርቀት የመለካት ሥራ ይህ ሰው በደብተር ይሠራው ነበር። ማንም አልቀጠረውም፤ በማንም መዝገብ ውስጥ የለም። ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የካራካስ ጎዳና የዚህ ጦርነት ዋና አውድማ ነበር። ጎዳናው ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። በ1930ዎቹ፣ ኦስትሪያዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ካርል ብሩነር በቦጎታ ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ የቀድሞው የባቡር መንገድ ባለፈበት ስፍራ ላይ የተዘረጋ፣ መሃሉ ዛፍና ሣር የለበሰ፣ ግራ ቀኙ በባለጸጎች ቪላ የታጀበ ጎዳና ነበር። ከዚያ መኪናው በዛ፤ የመሃሉ ዛፍ ተቆረጠ፤ ባለጸጎቹ ወደ ሰሜን ሸሹ። ቪላዎቹ ጋራዥና ርካሽ ሆቴል ሆኑ። በ1980ዎቹ ጎዳናው በጥቁር ጭስ የተሞላ፣ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ የሚቆለልበት ስፍራ ነበር።

በ1988 የቦጎታ ሕዝብ ከንቲባውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጠ። የተመረጡት ወጣቱ ጋዜጠኛ አንድሬስ ፓስትራና ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1989 እና በ1990፣ የካራካስ ጎዳና ተቆፈረ። በመንገዱ መሃል፣ በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ተከለለ። መኪኖች ወደ ዳርና ዳር ተገፉ። እግረኛ እንዳይሻገር የብረት አጥር ቆመ፤ በየተወሰነው ርቀትም መጠለያ ያላቸው ፌርማታዎች ተሠሩ። ስሙም የካራካስ ግንድ ተባለ። በወረቀት ላይ ስናየው ዛሬ ባለሙያዎች የሚመክሩት ሁሉ ማለት ይቻላል ነበረው፤ መስመሩ በመሃል ነው፣ ተለይቷል፣ ለመቀዳደሚያ ሁለተኛ መስመር አለው።

ሹፌሩ ግን የሚከፈለው እንደ ቀድሞው በተሳፋሪ ነበር።

ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ቀድሞ የቤት መኪኖች በመሃል እየገቡ ሩጫውን ያበርዱት ነበር፤ አሁን ለሳንቲም ጦርነት ጥርት ያለ ሜዳ ተዘጋጀለት። በፌርማታና በፌርማታ መካከል አውቶቡሶቹ እንደ ፈረስ ጉግሥ ይሽቀዳደማሉ። ፌርማታው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሁለቱንም መስመር ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ፣ ሞተራቸውን እያጓሩ ይቆማሉ። የኋለኞቹ ይሰለፋሉ። የብረት አጥሩ ሁለቱን የጎዳና ዳርቻዎች ቆራርጦ ለያያቸው፤ ሱቆች ተዘጉ፤ ማታ ማታ ፌርማታዎቹ የቀማኞች ሆኑ። በዚያው ሰሞን፣ በ1991፣ ደመወዝተኛ ሹፌሮች የነበሩት የከተማው የራሱ የአውቶቡስ ድርጅት ፈረሰ። የመስመሩ ግንባታና የሕዝብ ድርጅቱ መዘጋት በአንድ ወቅት መሆናቸው እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አንድ ላይ አነባቸዋለሁ። ከተማይቱ መንገዱን ለአውቶቡስ ሰጠች፤ አውቶቡሱን ግን ለጦርነቱ ለቀቀች።

ለፍርድ ሚዛናዊ እንሁን። የካራካስ ግንድ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያሳልፈው የሰው ብዛት ከብዙ ከተሞች ባቡር የሚተናነስ አልነበረም። በኋላ የመጡት መሐንዲሶች በአውቶቡስ ይህን ያህል ሕዝብ ማጓጓዝ እንደሚቻል ያዩት እዚያው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጎዳናው መሃሉን አንድ ጊዜ ለአውቶቡስ ከሰጠ በኋላ ማንም መልሶ ለቤት መኪና ሊሰጠው አልደፈረም። በከተማ ታሪክ ውስጥ ቦታን ማስለቀቅ ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነው፤ ያንን የሠሩት ፓስትራና ናቸው። ምስጋናው ግን ለሌላ ሰው ሄደ።

ያ ሌላው ሰው ኤንሪኬ ፔኛሎሳ ናቸው። በዚህ አዳራሽ ላሉ ተማሪዎች ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ፤ ሰውየው በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ምሕንድስና ሳይሆን ኢኮኖሚክስና ታሪክ ነው። ከጥር 1998 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ከንቲባ ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት አንድ የጃፓን የልማት ተቋም ለከተማዋ ባዘጋጀው ጥናት ከፍ ብለው የሚያልፉ የመኪና መንገዶች እንዲሠሩ ታቅዶ ነበር፤ ፔኛሎሳ ያንን ወደ ጎን አደረጉት። በእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆሙ መኪኖችን በድንጋይና በብረት ምሰሶ ከለከሉ። በዚህ ምክንያት ባለመኪኖች ከሥልጣን ለማውረድ ፊርማ እስከ ማሰባሰብ ደረሱ። የሕጉም ጊዜ አጭር ነበር፤ ከንቲባ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ መመረጥ አይችልም ነበርና የጀመሩትን በሦስት ዓመት ውስጥ መጨረስ ነበረባቸው።

እዚህ ላይ የታሪክን ምጸት ተመልከቱ። ፔኛሎሳ ለመስመሩ የብሔራዊውን መንግሥት ገንዘብ ሲጠይቁ፣ በፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ የተቀመጡት ከ1998 ጀምሮ አገሪቱን ይመሩ የነበሩት አንድሬስ ፓስትራና ነበሩ። የመጀመሪያውን መስመር ያሠሩት ሰው ለሁለተኛው ገንዘብ ፈቀዱ። ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ ግን የመጣው ከራሷ ከከተማይቱ፣ በቤንዚን ላይ ከተጣለ ተጨማሪ ቀረጥ ነበር። ባለመኪናው ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ለአውቶቡሱ መንገድ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ በሕዝብ ፊት ተነግሮ የተወሰደ እርምጃ ስለነበር ሙግቱ ቀላል አልነበረም።

በ1999 የከተማው ምክር ቤት በፈቀደው መሠረት ትራንስሚሌኒዮ የሚባል የከተማ ኩባንያ ተቋቋመ። ይህ ኩባንያ አውቶቡስ አልገዛም። የገዛው ነገር ቢኖር አገልግሎት ነው። ጨረታ አወጣ፤ በጨረታው አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች እነዚያው የቀድሞዎቹ የአውቶቡስ ኩባንያዎች ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ተጣምረው የመጡ ነበሩ። ውሉ ግን ፈጽሞ የተለየ ነበር። በመጀመሪያ፣ ኩባንያው አውቶቡሱ ራሱ የኩባንያው እንዲሆን ተገደደ፤ በስም ማስመዝገቢያ ክፍያ መኖር ቀረ። ሁለተኛ፣ ለሚያሰማራው ለእያንዳንዱ አዲስ ረጅም አውቶቡስ ከሁለት በላይ አሮጌ አውቶቡሶችን ገዝቶ እንዲያስቆራርጥ ታዘዘ። ሦስተኛ፣ የተሳፋሪው ገንዘብ በሹፌሩ እጅ አይገባም፤ ተሳፋሪው ጣቢያው በር ላይ ለሌላ ድርጅት ይከፍላል፤ ገንዘቡ በአደራ ሒሳብ ውስጥ ይገባና በቀመር ይከፋፈላል። የአውቶቡሱ ኩባንያ ድርሻ የሚሰላው ደግሞ በጫነው ሰው ሳይሆን በተጓዘው ኪሎ ሜትር ነው። ሹፌሩም የወር ደመወዝተኛ ሆነ።

ይህ አራተኛው ነገር፣ ማለትም ደመወዙ፣ በአንድ ሌሊት ጦርነቱን አቆመው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታኅሣሥ 18 ቀን 2000፣ የከንቲባው ዘመን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ቀያዮቹ አውቶቡሶች በካራካስ ጎዳናና በሰማንያኛው መንገድ ላይ ሥራ ጀመሩ። የቆሙት በጣቢያቸው ብቻ ነበር። ለመቆም ምክንያት በሌለበት አልቆሙም፤ ለመሽቀዳደም ምክንያት በሌለበት አልተሽቀዳደሙም። የብረት አጥሩ ተነሣ። በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ተቻለ፤ ለሥራ በሚሮጥበት ሰዓት ከቤት መኪና የሚፈጥን አውቶቡስ በከተማዋ ታየ። በመስመሩ ላይ በአደጋ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ሹፌሮቹ ከሌላ አገር የመጡ አልነበሩም። ብዙዎቹ ትናንት በዚያው ጎዳና ላይ ሲሽቀዳደሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የሕዝቡ ጠባይ ነው፣ ባህላችን ነው እየተባለ ለሃምሳ ዓመት የተማረሩበት ነገር የክፍያ ሥርዓት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ስለ ታክሲ ሾፌሮች ሥነ ምግባር ረጅም ስብከት የሚሰብኩ ሰዎችን በሰማሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ዘግተው ያጨበጭባሉ። እኔ መዝጋት አልችልም፤ ምክንያቱም ውል ያቆመውን ጦርነት ውል ራሱ በሌላ መልክ ሊያስነሣው ይችላል።

በመጀመሪያ፣ ከካራካስ ጎዳና የተባረሩት አሮጌ አውቶቡሶች ሁሉም አልተቆራረጡም። ብዙዎቹ ወደ ጎረቤት መንገዶች ዞሩ። በእነዚያ መንገዶች የሳንቲሙ ጦርነት ባሰበት። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓለም ተፈጠረ፤ በመስመሩ ላይ ሥርዓት፣ ከመስመሩ ውጪ ያው የጥንቱ። ሁለተኛ፣ በኪሎ ሜትር የሚከፈለው ኩባንያ የሰው ብዛት አያሳስበውም። በተሳፋሪ የሚከፈለው ሹፌር አንድ ሰው እንዳያመልጠው ይጨነቅ ነበር፤ አሁን ስንት አውቶቡስ እንደሚወጣ የሚወስነው ቢሮ ወጪውን ለመሸፈን አውቶቡሱ ጢም ብሎ እንዲሞላ ያደርጋል። ተሳፋሪው ከእሽቅድድም ድኖ በመጨናነቅ ውስጥ ወደቀ። ሦስተኛ፣ በሰሜኑ አውራ ጎዳና ላይ የተነጠፈው ኮንክሪት ገና ጥቂት ዓመት ሳይሞላው መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ ጥገናው በከተማይቱ ገንዘብ ላይ ወደቀ፤ ከተሳፋሪው ገንዘብ ወደ ከተማይቱ ኩባንያ የሚገባው ግን ጥቂት እጅ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ይህንን አወቀ። መጋቢት 9 ቀን 2012 በዋጋው መናርና በመጨናነቁ የተቆጡ፣ አብዛኞቹ ወጣት ተማሪዎች የሆኑ ሰልፈኞች መስመሩን ዘጉ፤ በካራካስ ጎዳና ላይ ያሉ ጣቢያዎች ተሰባበሩ። በ1948 ትራሞቹ በነደዱበት ከተማ፣ በ1910 ትራሙ ባዶውን በሄደበት ከተማ፣ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በቦጎታ የመጓጓዣ ውል የሚታደሰው ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ነው።

በዚያው 2012 የከተማው አስተዳደር የውሉን ሥርዓት ለመላው ከተማ ለማዳረስ ሌላ ዕቅድ ጀመረ። በየሰፈሩ የሚሄዱት አሮጌ አውቶቡሶች ሁሉ ወደ ጥቂት ኩባንያዎች እንዲጠቃለሉ ታሰበ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ፣ ኤጎቡስ እና ኮኦቡስ፣ የትናንሽ ባለንብረቶች ኩባንያዎች እንዲሆኑ ተብለው የተቋቋሙ ነበሩ። ሁለቱም ከሰሩ። አውቶቡሳቸውን አስረክበው ኪራዩን ወይም ዋጋውን የሚጠብቁ ባለንብረቶች እጃቸው ባዶ ቀረ። ያ ጡረታውን አውጥቶ አውቶቡስ የገዛ መምህር ያልኳችሁ ሰው በዚህ የታሪክ ምዕራፍ ውስጥ ተበዳይ ሆኖ ብቅ ይላል። በትላልቆቹ ኩባንያዎች ስም የተፈረመው ውል ተከበረ፤ በእርሱ ስም የተገባው ተስፋ ግን ፈረሰ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ በአጭሩ። በአዲስ አበባ ከዊንጌት እስከ ጀሞ የፈጣን አውቶቡስ መስመር ለመዘርጋት በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ለዓመታት ሲታቀድ ቆይቷል። ለአውቶቡስ ብቻ ተብለው የተሰመሩ መንገዶችንም አይተናል። የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌር ደመወዝተኛ ስለሆነ፣ በእርሱ በኩል ቦጎታ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የደረሰችበት ነጥብ ላይ ከመጀመሪያውም ነበርን ማለት ይቻላል። እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚያጓጉዘው ግን ሰማያዊ ለነጩ ሚኒባስ ነው። የሚኒባስ ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ ለባለንብረቱ የቁርጥ የቀን ገቢ ያስረክባል፤ ነዳጁን ይሸፍናል፤ የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። ስሌቱ ከቦጎታ ይለያል፤ ግን ጠዋት የተረከበው መኪና እስከ ማታ ባለዕዳ ያደርገዋልና ውጤቱ አንድ ነው። ስለዚህም መስመር በተሰመረ ቁጥር በዚያ መስመር ላይ ከሚሄዱት ሰዎች ውስጥ ደመወዝተኛው የትኛው፣ ባለዕዳው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው።

ከቦጎታ ልንቀዳው የማንችለው ነገርም አለ። በቦጎታ አሮጌ አውቶቡሶች ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው መልስ ይሰጥ ነበር፤ ረዳት አብዛኛውን ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ ለረዳት የሚሆን አንቀጽ አላስፈለገም። በእኛ ከተማ በእያንዳንዱ ሚኒባስ በር ላይ አንድ ወጣት ቆሟል፤ በየተራው ደግሞ ተራ አስከባሪ አለ። እነዚህ ሰዎች ከቦጎታ በተቀዳ ሰነድ ውስጥ ስማቸው አይገኝም፤ ምክንያቱም ሰነዱ የተጻፈበት ከተማ አያውቃቸውም።

ስለ ካሊብራዶሩ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በጨረታው ሰነድ ውስጥ ባለንብረቱ ተጠቅሷል፤ ሹፌሩ ተጠቅሷል፤ የሚቆራረጠው አሮጌ አውቶቡስ እንኳ በሰሌዳ ቁጥሩ ተመዝግቧል። ካሊብራዶሩ ግን በአንድም ስፍራ የለም። ቀይ አውቶቡሶቹ ሲመጡ በካራካስ ጎዳና ላይ ያለው ሥራው አብቅቶ፣ ደብተሩን ይዞ አሮጌዎቹን አውቶቡሶች ተከትሎ ወደ ሌሎቹ መንገዶች ሄደ። እዚያም የመጨረሻዎቹ አሮጌ አውቶቡሶች በ2021 ማብቂያ ላይ ከከተማው እስኪወጡ ድረስ ሰዓት ሲጽፍ ቆየ። ዛሬ በካራካስ ጎዳና ላይ ከአውቶቡሱ መስመር በላይ ከፍ ብሎ የሚያልፍ የከተማ ባቡር እየተሠራ ነው፤ ጎዳናው እንደገና ተቆፍሯል።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመጣችሁ፣ ከተራ አስከባሪዎቹ ብትጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።